ገመዱ የተበጠሰው ኢርፎን

አቃቂ ውስጥ የስልክ ዕቃ በምሸጥበት ሱቄ አንድ አዛውንት መጡ። በመሐረብ የተጠቀለለ ኢርፎን አውጥተው «ገመዱ ተበጥሷል፤ ሌላ ትቀይሪልኛለሽ?» አሉኝ። ገመዱ ከማዳመጫው የሚነቀል ዓይነት ነው። «አባባ፣ ሁለት ዓይነት አለ» ብዬ አሳየኋቸው። «ይሄኛው ሁለት ቀጫጭን ፒን አለው፤ ቀጥ ብሎ ካልገባ ይጎብጣል። ይሄኛው ክብ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ እንደልብ ይዞራል፣ ግን ሲቆይ ይላላና ድምፁ ይቆራረጣል። የእርስዎ ባለ ፒኑ ነው።» «የእኔ አይደለም፣ የልጄ ነው» አሉ። «ይሄን ጆሮው ላይ ሰክቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። መኪናውን አይቼ ከኋላው ስጮህ ዞር እንኳን አላለም። ጠዋት ተጣልተን ነበር፤ አኩርፎኝ ነው እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ...» አሉ።

ገመዱን ገጠምኩና አብረው ባመጡት የልጁ ስልክ ዘፈን ከፍቼ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። «በይ ከኋላዬ ሆነሽ ጥሪኝ» አሉኝ። ከጀርባቸው ቆሜ «አባባ!» አልኩ። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ፊት ለፊታቸው መጥቼ ኢርፎኑን ሳወልቅላቸው «ጠራሽኝ እንዴ?» አሉ። «ጮኼ ነው የጠራሁዎት፣ አባባ» አልኳቸው። ባንኮኒውን ደገፍ ብለው «ለካ አልሰማኝም! ለካ ልጄ አልጨከነብኝም!» እያሉ አለቀሱ። እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሱቄን ዘጋሁና ክንዳቸውን ይዤ እስከ ታክሲ ተራው ሸኘኋቸው።