የጀውሃን አየር የሚለካው ሳጥን

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሙቀቱ እንቁላል ቀርቶ ዶሮዋን ከነላባዋ ይቀቅላል። ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ያለው ወጣት ባለሙያ ያቀፈውን ሳጥን ሲያዩ ቆይተው ጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው እንደ ሙሽራ ያቀፍከው?»

«የአየር መለኪያ ነው፣ እማማ። ጭሱንና አቧራውን እየለካ ለአዲስ አበባ ይናገራል። በየአገሩ አሮጌውን በአዲስ እየተካን ነው።»

«ጀውሃ ላይም አሮጌ ነበር እንዴ?»

«ነበር። የጭነት መኪኖቹ የሚቆሙበት ጋ።»

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ ዘሃራ ማንጎ የምትሸጠው እዚያ ነበር። በሳል ሞተችብኝ። ሐኪሙ የመኪና ጭስ ነው አለን። ጎረቤት ግን በዘራቸው ያለ በሽታ ነው ብሎ አወራ፤ ለታናሿ ሽማግሌ የሚልክ ጠፋ። አሮጌው ያየውን አውጥተህ ስጠኝና ላሳያቸው።»

«አሮጌው ከተበላሸ ቆይቷል፣ እማማ። የያዘው ነገር የለም።»

«አዲሱስ ያለፈውን አያውቅም?»

«ከተተከለ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ቶሎ ትከለው።»

«ምነው፣ እማማ?»

«ታናሿም አሁን እዚያው ተቀምጣ ነው የምትሸጠው። ሰሞኑን መሳል ጀምራለች።»

እኔ፣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ እንኳ ወሬ የማላቋርጠው ሰውዬ፣ መስኮቱን ለሙቀቱ ልክፈተው ወይስ ለጭሱ ልዝጋው ሳልወስን እጄን መያዣው ላይ እንዳደረግሁ ጀውሃ ደረስኩ።