እሜቴ መቀስና የማይታየው ጡንቻ

በልብስ ስፌት ሠላሳ ዓመት የሠሩ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው ስለሚቆርጥ ጎረቤቱ ሁሉ «እሜቴ መቀስ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው የፎቁን ደረጃ ሲወጡ፣ ከበላያቸው የምትኖረውን አዋላጅ ነርስ አገኟትና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም አሉ። ከሰላምታው በኋላ የሆዳቸውን አወጡላት። ምራታቸው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይህች ምራት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ፣ በከንፈሯ ትቆጥራለች። ምን እየሠራሽ ነው ቢሏት «ስፖርት» አለቻቸው።

«ቁጭ ብሎ ስፖርት አይቼ አላውቅም። ማን እንዳስተማራት ባወቅሁ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች አዋላጇ።

እሜቴ መቀስ ደንገጥ ቢሉም በነገር ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አልነበሩም። አምስት ልጅ ሲወልዱ አንድም ቀን እንዳልቆጠሩ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ታችኛውን ካጠበቀች ልጁ መውጫ እንደሚያጣ ነገሯት። አዋላጇ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። የሚለውን የሚያውቅ ሰው ለመናገር አይጣደፍም።

«እማማ፣ እርስዎ የቀሚስ ወገብ ላይ ላስቲክ ያስገባሉ አይደል? ከዳሌ አጥንት ግርጌም ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ጽንሱ ወራት ሙሉ ሲጫነው ይላላል። ላስቲክ ከላላ ይጣላል፤ ጡንቻ ግን ቢያሠሩት ይበረታል። ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥ ስብ ማድረግ፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅ፤ ትንፋሽ ሳያቆሙ። ይኸው ነው። ምራትዎ መልቀቁንም አብራ ስለምትማር መውጫው አይዘጋም።»

«ባትሠራውስ?»

«ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ዕቃ ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው።»

እሜቴ መቀስ ይህን በራሳቸው ያውቁታል። ከመጨረሻ ልጃቸው ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እጥፍ ጨርቅ ሳይታጠቁ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሩቅ መንገድ የተዉት፣ ጨዋታ ሲሞቅ ከሰው መሃል የሚነሱት በዚሁ ነበር። የወለደች ሴት ዕጣ ነው ብለው፣ ለባላቸው እንኳ ሳይናገሩ ችለውት ኖረዋል።

«መፍትሔ የሌለው መስሎኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን የነገረኝ ሰው የለም።»

አዋላጇ ጥቅሉን ጨርቅ ከእጃቸው ተቀበለችና እየወጡ አስረዳቻቸው። በእሳቸውም ዕድሜ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ግን ክሊኒክ መጥተው ይታዩ። እየሸኑ አይለማመዱት። ውጤቱም በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው፤ ስለዚህ አይሰልቹ። እሜቴ መቀስ በማግስቱ ክሊኒክ ሄዱ።

ምራትየዋ በጊዜዋ ወለደች። ምጡ ቀላል ነበር አይባልም፤ ምጥ ምጥ ነው። ነገር ግን ልጇን ታቅፋ ደረጃ ስትወጣም ሆነ ስታስነጥስ አልተሳቀቀችም። እሜቴ መቀስም ልምምዱን በጀመሩ በአራተኛው ወር፣ ያለ ጨርቅ፣ የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ተጉዘው እህታቸውን ጠይቀው ተመለሱ።

ዛሬ ነፍሰ ጡር ደንበኛ ስትመጣባቸው፣ ልኳን ለክተው ሲጨርሱ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ። «የቀሚስሽን ወገብ እኔ አሰፋዋለሁ፤ ታችኛውን ግን ራስሽ አጠንክሪ» ብለው አሠራሩን ያስተምሯታል። ልጅቷ አፍራ ዓይኗን ሰበር ብታደርግም አይለቋትም።

«እኔ አፍሬ ሃያ ዓመት ከልቤ ሳልስቅ ኖሬያለሁ» ይሏታል። «አንቺ ዛሬውኑ ጀምሪ።»