ከችፑዱ ወዲያ ያለው ሊቅ

ኧረ ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ደጃፍ ላይ ምን ያቆምዎታል? የራስዎ ቤት አይደል እንዴ… እኔ እኮ ተከራይ ነኝ። ቆይ፣ ይቺን ወንበር ልጥረግልዎት፤ የዚህ መንገድ አቧራ እንኳን ወንበር ሳንባም አይምርም። እንዲህ፣ ደገፍ ይበሉ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ያ ሐኪሙ የሰጠዎት ቅባት ተሻለዎት? ተመስገን ነው።

ዝናቡማ ዘንድሮ በዝቷል። እዚያ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ያንጠባጥብ ነበር፤ አስደፈንኩት። ለእርስዎ አልነገርኩም፣ ለምን ብዬ ላስቸግርዎት? ቤት የሚኖርበት ሰው ሲሳሳለት ነው ቤት የሚሆነው… አይደል እንዴ? ሻይ ላስመጣ? አይፈልጉም? እንግዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡ።

ድምፄ ከፍ አለብዎት እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቧንቧ ሲቆረጥ፣ ብረት ሲወድቅ እየተጯጯህን ነው የኖርነው። ደሞ ይኼ መሀል ላይ ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው፤ ከወዲያ ያለው ጎረቤቴ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ ሆኜ "ይማርህ" እለዋለሁ። ይስማ፣ ምን ቸገረኝ? ስለ ማንም ክፉ አላወራም።

ምን አሉኝ?… ገበያሽ ቀዝቅዟል ሲባል ሰማሁ? አዪ! ከማን ሰሙት ብዬ አልጠይቅዎትም። ነጭ የእጅ መታጠቢያ ከሸጥሽ ቆይተሻል ተባለም?… እንዲህ ነው እንግዲህ። ይገርምዎታል እትዬ፣ ይህችን ነገር ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ለስልኬ ብቻ ነው የነገርኳት። ቆይ፣ እሱን በኋላ እንመለስበታለን።

ውሉ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ኪራዩን ከፍ አድርጌ ልክፈል፣ ይህን ችፑድ አፍርሼ ሁለቱን ሱቅ አንድ ላድርገው ያለ ሰው እንደመጣልዎትም ሰምቻለሁ። እሰይ ነው! ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እኔን ቢያስወጡ ማን ይከሰዎታል? ሌላ መግቢያ የለኝም ብዬ እግርዎ ላይ አልወድቅም። እሱን ተወት እናድርገውና አንድ ጨዋታ ላጫውትዎት፤ ጉልበትዎም እስኪያርፍ።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ሊቅ እንበለው። ሊቅ ነዋ! እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት። ደግነቱ አንዲት ሞኝ እህት ነበረችው፣ አሳደገችው። እዚህች ባንኮኒ ሥር… ማለቴ፣ እንደዚህች ባለች ባንኮኒ ሥር፣ ካርቶን ላይ እያስተኛችው። ኮምፒዩተር ልማር አለ፤ ተማር አለችው፣ ራሷ ያንኑ ቀሚስ እያጠበች እየለበሰች። እሱም ተማረ። የተማረውን ደግሞ ሜዳ ላይ አልጣለውም፣ ይህን ልመስክርለት። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል የሚሉት ውሸት ነው እትዬ። የተማረ ሰው አይነክስም… ይመዘግባል።

ተመርቆ ሲመጣ ከእህቱ ሱቅ ጎን ያለው ሱቅ ባዶ ነበር። ከጎኔ ይሁንልኝ ብላ ባለቤቲቱ ዘንድ ሄዳ የለመነችለት እሷው ነች። ያስታውሱታል? አይ… እርስዎን አላልኩም፤ የዚያን ቤት ባለቤት ማለቴ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን የመደዳውን ነጋዴ ሁሉ ሰበሰበ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ ቆልፎ፣ አነጋገሩ እንዴት ያምር ነበር! "ገዢ መጥቶ ዕቃ ሲያጣ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄድባችኋል" አለ። "ሁላችሁም ያላችሁን፣ የሸጣችሁትን፣ ያለቀባችሁን፣ የተጠየቃችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በኔትወርክ እንተሳሰር፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ይሰጣል።" ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎም ተረተልን። ጨበጨብንለት። ድር ሲያብር መጀመሪያ የሚጠግበው ሸረሪቱ መሆኑን ማን አሰበ? ዋይፋይ ሳይቀር በነፃ አደለን። ለእህቱማ ጣቷን ይዞ ነው ያስጻፋት፤ "እዚህ ጋ ንኪው፣ አየሽ?" እያለ። እሷም ወንድሜ አስተማረኝ ብላ ለመንገደኛው ሁሉ አወራች።

ባለ ጢሙን ያውቁት የለ? ጫፍ ላይ የነበረው፣ ጢሙን ሲያፍተለትል የሚውለው። እሱ ብቻ ነው አንድ ነገር የጠየቀ። "ይኼ የምንጽፈው የት ነው የሚቀመጠው?" አለው። ሊቁም "ደመና ላይ" አለ። እኛ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ እያልን የኖርን ሰዎች ነን፤ ደመና ሲባል አልገረመንም። ለካ ሰማይ ያለችውን ላም የሚያልባት ሰው አለ። እኛ የምናየው የየራሳችንን ነው፤ የሁሉንም የሚያየው እሱ ብቻ ነበር።

ባለ ጢሙ "የውሃ ማሞቂያ አልቆብኛል" ብሎ ይጽፋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ የማን ደጃፍ ላይ ነው ማሞቂያ የሚደረደረው? የሊቁ። ዋጋውስ? ከባለ ጢሙ ዋጋ ትንሽ ወረድ ያለ። ብዙ አይደለም፣ ገዢው እግሩን ዞር የሚያደርግበት ያህል። አንድ ጊዜ ሲሆን ዕድል አልነው። ሲደጋገም ብልህ ልጅ ነው አልን። ባለ ጢሙ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ የወጣ ዕለት ታዲያ፣ ገመዱን አጥብቆ ያሠረለት ማን ይመስልዎታል? ሊቁ! ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር… ጉንፋን ይዞት ይሆን እንዴ? እኔማ ጋሪው እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ድሮ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል ነበር። አሁን አጥር የሚነቀንቅ የት አለ? አጥሩ ሳይነካ ባለቤቱ ይወጣል። ሥልጣኔ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሰዉ መጻፍ ሲሰለቸው ሊቁ ኮከብ አመጣ። ብዙ የጻፈ ስሙ ከላይ ይወጣል፤ ስልኩ ላይ ወርቃማ ኮከብ ብልጭ ይልለታል። አይ የኛ ነገር! ባለ ቀለሙ፣ ያ ማዶ ጥግ ቀለም የሚሸጠው፣ ሽበቱን ይዞ በኮከብ ከሰው ተኳረፈ። "ትናንት አንደኛ ነበርኩ፣ ማን ነው ያወረደኝ?" እያለ ሱቅ ለሱቅ ይዞር ነበር። ሊቁም ይስቅ ነበር መሰለኝ፣ እዚያ ስክሪኑ ኋላ ሆኖ።

አንድ ማለዳ ታዲያ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ መጣች። "ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሽንት ቤት ክዳን አላችሁ?" አለች። ወይን ጠጅ! እርስዎ በዕድሜዎ ሰምተው ያውቃሉ? እኛ መደዳ ደግሞ አንድ ልማድ አለን፤ ገዢን "የለም" አንልም። የለም የተባለ ገዢ ተመልሶ አይመጣም ተብለን ነው ያደግነው። "ነገ ይገባል፣ ብቅ ይበሉ" ነው የምንለው። እሷም ቃላችንን አምና በነጋታው ብቅ አለች። ሁሉም ሱቅ ብቅ አለች። ከዚያም ወዲያ፣ ከዚያም ወዲያ። ብቅ ባለች ቁጥር ሁላችንም ስልካችንን አወጣን፣ "ወይን ጠጅ ክዳን ተጠየቀ" ብለን ጻፍን። ኮከብ አለዋ! እኔም ጽፌአለሁ፣ ምን አጠፋሁ? የተጠየቃችሁትን ጻፉ አይደል የተባልነው? ባለ ቀለሙማ መንገዱን ሳትሻገር ገና ጃንጥላዋን ሲያይ ነበር የሚጽፈው፤ ቀለም ሻጭ ለሽንት ቤት ክዳን ምን እንዳገባው እንጃ።

ሴትዮዋ አንድ ነች እትዬ። ያላትም አንድ ሽንት ቤት ነው። ማሽኑ ላይ ግን ሕዝብ ሆነች። የከተማው ሰው በሙሉ ነጭ ላይ መቀመጥ አንገሽግሾት በወይን ጠጅ የተነሣ መሰለ። ደሞ እኮ የሊቁም ሱቅ ገብታ ጠይቃዋለች! "ቆይ፣ ሲስተሙ ላይ እያየሁልዎት ነው" ብሎ ፊቷን ሳያይ ሸኛት አሉ። እንደ ልጅነቱ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ቢሆን በጃንጥላዋ ይለያት ነበር። ለነገሩ ትልቅ ሰው የገዢ ፊት ሲያይ ይዋል እንዴ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ኮምፒዩተር ሳይመጣ የተተረተ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ሊቁን ግን ሞኝ ነው አላልኩም፣ እንዳይሉብኝ! ማንም ሳይቀድመው፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል፣ ክዳኑን ከባሕር ማዶ አዘዘ። ለዚያ ብሎ ማሞቂያውን፣ ቧንቧውን፣ ሁሉንም በርካሽ ለቀቀው። የጭነት መኪናው መጥቶ ሲያራግፍ መደዳው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ካርቶን፣ ካርቶን፣ አሁንም ካርቶን። ደረቱን ነፍቶ "እኔ አይደለሁም፣ ዳታው ነው የሚናገረው" አለን። እኛም ይናገር አልን። አንዱ ካርቶን ተቀደደና ያ ወይን ጠጅ ፀሐይ ሲያርፍበት… አይ ውበት! ባለ ቀለሙ ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለቅሶ መስሎኝ ላጽናናው ሄድኩ፤ ለካ ሳቅ ነው።

ሴትዮዋስ? መጣች እንጂ! ሊቁ ራሱ ከስክሪኑ ተነሥቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። አገላበጠችው፣ ወደ ብርሃን አውጥታ አየችውና "ይኼ ጠቆር ይላል፣ እኔ የፈለግኩት ፈካ ያለውን ነው" ብላ ወጣች። እስከ ዛሬ አንድም ሰው ሲገዛው ያየ የለም። ብቻ ተስፋ አይቆረጥም፤ ነገ ፋሽን ይሆን ይሆናል።

እና እንዲህ ያለ ዕቃ ቦታ አይፈልግም? ይፈልጋል እንጂ። ሱቁ ጠበበው፤ በጎን ያለችው እህቱ ደግሞ ያለ አግባብ ሰፍታ ተቀምጣለች። እሷን አስወጥቼ ግድግዳውን ላፍርስ ቢል ይፈረድበታል? ውሏ መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል፣ ቀኑን እንዳትረሳው ብሎ ራሱ ስልኳ ላይ መዝግቦላታል። ምን ስትሸጥ ምን እንዳልሸጠች ያውቃል። የቤቱን ባለቤት ምን ቢላት ልቧ እንደሚሸፍትም ያውቃል።

አሁን ወደ ነጩ መታጠቢያ እንመለስ፣ በኋላ ብዬዎት አልነበር? ይኼውልዎት መደርደሪያው፣ ዞር ብለው ይዩት። ባዶ ነው። የመጨረሻውን ትናንት ነው አንድ ግንበኛ የወሰደው፤ ገበያዬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ስልኬ ላይ ግን "አንድም አልተሸጠም" ብዬ እየጻፍኩ ነው የከረምኩት። ለሰው አልተናገርኩም፤ እስቲ ይቺ ውሸት ዞራ ዞራ የማን አፍ ላይ ትወጣለች ብዬ ነው። ይኸው ዛሬ በእርስዎ አፍ ከቤቴ ገባች። ኧረ አይደንግጡ እትዬ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የነገሩዎትን ነው የተናገሩት። እኔም እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ኔትወርክ መጠቀም ቻልኩ ማለት ነው… ለአስተማሪዬ ምስጋና ይግባው።

ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ ብሏል ያ ሰው፣ አይደል? ይክፈላ! ከምን ትከፍላለህ ብለው እንዳይጠይቁት ብቻ፣ የተማረ ሰው ይከፋዋል። ሲወጡ በዚያ በኩል ብቅ ይበሉና ሰላም ይበሉት። ጥግ ላይ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ክምር አለ፣ እስከ ጣሪያ ድረስ። ጠርዙን ገለጥ ያድርጉት። የእርስዎ ኪራይ እዚያ ሥር ነው ያለው። ቀለሙን ከወደዱት በዓይነት ይቀበሉታል።

ሊሄዱ ነው? ይያዙኝ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ውሉን ለፈለጉት ይስጡ፤ ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽም። ያቃጥለኛል። ጸጉሬ የሸበተው እዚህ ነው፣ ሰውም ያሳደግኩት እዚህ ነው። ክፉ ግን ለማንም አልመኝም። እንዲያውም የሊቁ ሚስት ነፍሰ ጡር ነች አሉ… ለእኔ ማን ይነግረኛል፣ ከሰው ነው የሰማሁት። እስቲ ቆመው አሜን ይበሉልኝ፤ ድምፄን ከፍ ላደርገው ነው፣ ምርቃት በሹክሹክታ አያምርም።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግላት። ወንድ ልጅ ይስጣቸው። ልጁ ቁርጥ አባቱን ይሁን፤ በመልኩ ብቻ አይደለም፣ በጠባዩም በዕውቀቱም። አባቱ ጦሙን እያደረ ያስተምረው፣ እሱም ይማርለት። አድጎም ሩቅ አይሂድበት፣ እዚሁ ከአባቱ ጎን ሱቅ ይክፈት። አባቱ የሸጠውን፣ ያጣውን፣ የተጨነቀበትን ሁሉ ሳይነግረው ይወቅለት። አባቱም ሲያረጅ፣ ጉልበቱ ሲደክም፣ ሌላ መግቢያ ሲያጣ… ያ የተባረከ ልጅ መጥቶ ግድግዳውን ያፍርስለት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ!