የጌታሁን እግር

ሰቆጣ መምህር ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባልደረባዬ ከጌታሁን ጋር የፃግብጂን ቁልቁለት በብስክሌት እየተሽቀዳደምን እንወርድ ነበር፤ ገበያተኛው መንገድ እየለቀቀ ይስቅብናል። አንድ ቀን ኩርባው ላይ የጌታሁን ፍሬን ሽቦ ተበጠሰና ከነብስክሌቱ ገደል ገባ። ተንደርድሬ ስወርድ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። «ቀደምኩህ አይደል?» አለኝ እየሳቀ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ «እግሬ ላይ ያለውን ድንጋይ አንሳልኝማ፣ ከበደኝ» አለ።

እግሩ ላይ ምንም አልነበረም። ድንጋይ ያነሳሁ መስዬ፣ «አሁንስ ቀለለህ?» ስለው፣ «ኧረ ምንም አላነሳህልኝም!» ብሎ ተቆጣኝ። ገበያተኞቹ በዱላና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። ሆስፒታል እስክንደርስ፣ «አንድ ድንጋይ ማንሳት አቃተው» እያለ ለተሸካሚዎቹ ይከሰኝ ነበር። ጌታሁን ከዚያ ወዲህ በእግሩ ቆሞ አያውቅም።