«ገባሁ» የምትል ቃል

ሠፈር ለሰው ስም የሚያወጣው ከጠባዩ ተነሥቶ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «ቆይ እስቲ!» ማለት ስለሚወዱ ሰው ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። «ነዳጅማ ማንም ይረግጣል፤ ነጂ የሚለየው በፍሬኑ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ወንድ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ጋሽ ፍሬን ሲስቁ ያያቸው የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በጋራዦቹ መንገድ አቋርጠው ያልፉ ነበር። ከአንዱ ደጃፍ የቆመች የጭነት መኪና አዩና ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። የራሳቸው መኪና ናት። የነጂው በር ተከፍቶ፣ ከመሪው ሥር ያለው ክዳን ተነሥቶ፣ ሽቦው ተዘርግፏል። ሴት ልጃቸው አጠገቧ ቆማለች። አባቷን ስታይ የምትገባበት ጠፋት።

«ምንድን ነው የማየው?» አሉ።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣ። የት እንዳለች ወደ ስልክ የሚልክ መከታተያ ላስገጥም ነው ያመጣኋት።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምተውታል። ወንድ ልጃቸው በሕይወት ሳለ ይኸው መሣሪያ ይገጠም ብሎ ለምኗቸው፣ «ልጄን የምሰልል አባት አይደለሁም፤ ሰውስ ምን ይለኛል?» ብለው ፍሬን ያዙ። ልጁ አባቱን አክባሪ ነበርና ነገሩን ተወው። ከጥቂት ወራት በኋላ የቤት ዕቃ እናዛውራለን ብለው መኪናዋን የተከራዩ ሰዎች መንገድ ላይ ደብድበው፣ አስረው፣ ከኋላ ሸራ ሥር ጣሉት። ጎማዋንና ባትሪዋን ፈተው ወሰዱና መኪናዋን ከነልጁ በተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ትተዋት ሄዱ። ፖሊስ በየአቅጣጫው ሲፈልግ ሰንብቶ ሲደርስ እስትንፋሱ ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። መኪናዋ ተጠግና ተነሣች። አሁን የምትነዳት እኅቱ ናት፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም።

በዚህ መካከል የጋራዡ ባለቤት እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። የኤሌክትሪክ ትምህርት ተምራ የተመረቀች ወጣት ስለሆነች ሠፈሩ «መሐንዲሷ» ይላታል። ከሟቹ ጋር በአንድ ክፍል ተምረዋል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እግዜር ነው ያመጣዎት፤ ላስጠራዎ ነበር።»

«ገጥመሽ ከጨረስሽ በኋላ?»

«ኧረ አልገጠምኩም! ያረጀ ሽቦ ብቻ ነው ያየሁት። ባለመኪናው ሳያውቅ የምገጥመው ነገር የለም ብያታለሁ፤ ይጠይቋት።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ቁጣቸው ትንሽ በረድ አለና መሐንዲሷ ባቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን የሰው ንብረት ስነዳ የተከታተለኝ የለም። አሠሪዬ ቁልፉን እጄ ላይ አኑሮ ‹በሰላም ግባ› ይለኛል፤ በቃ። ሰው አድርጎ ያቆመኝ ያ እምነት ነው። ዛሬ እኔ ልጄን የት ቆመች፣ የት ዞረች እያልኩ ልቁጠርባት? የሚከታተሉት ሌባን ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ እምነት ትልቅ ነገር ነው። ለመሆኑ አሁን ከየት እየመጡ ነው?»

«ከሐኪም ቤት።»

«ምነው፣ አሞዎት ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ። የደም ግፊት ክትትል አለኝ እንጂ።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። መሐንዲሷም ዕድሉን አላሳለፈችም።

«ታዲያ ሐኪሙ እርስዎን የሚከታተለው ሌባ ነህ ብሎ ነው?»

ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አይደሉም።

«ሐኪሙ ፈቅጄለት ነው የሚያየኝ። ሰላይ ተደብቆ ነው።»

«ይኸው ራስዎ ደረሱበት፣ ጋሼ! ነጂው ሳያውቅ የሚያይ ሰላይ ነው፤ ነጂው አውቆና ፈቅዶ የሚያይ ጠባቂ ነው። እኛ መሣሪያውን ከሌባ ነው የምንደብቀው፤ ከልጅዎ አንደብቀውም።»

«አባዬ፣ የፈለግኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ። «ብቻዬን ጭነት ይዤ ስሄድ የት እንዳለሁ የሚያውቅልኝ ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው። ወንድሜም የፈለገው ይህንኑ ነበር።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። አባትየው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል። ልክ ሲያልፍ ግን የሚወዱትን ሰው እንኳ «የት ነህ?» ብሎ መጠየቅን ያሳፍራል። ወንድ ልጃቸው መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ደውሎ «ገባሁ» የማለት ልማድ ነበረው። አንዲት ቃል ናት፤ ሽማግሌው እሷን ሳይሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሌቦቹ በያዙት ዕለት ቃሏ ቀረች። ስልካቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። «ትልቅ ሰው ነው፤ አባቴ እንደ ሕፃን ይቆጥረኛል ይላል» አሉ። እንዲህ እያሉ ነጋባቸው።

«እንግዲህ ልንገርሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ። «ይህ ዕቃ ጥሩ ነው ካልሽኝ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ አይደለም። ጥሩ እንዲሆን አልፈልግም። ገባሽ?»

ለካስ ክርክሩ የመሣሪያ ክርክር አልነበረም። መሐንዲሷ ጨርቁን ጥላ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ፣ ልጅዎን የገደሉት ሌቦች ናቸው። መሣሪያው ቢኖር ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልዎትም፤ ይህን ማንም አያውቅም። ቶሎ ይገኝ ነበር ግን፤ እሱን ልዋሽዎት አልችልም። እርስዎ እንቢ ያሉት ከፍቅር ነው። እሱም ያውቅ ነበር፤ ‹አባቴ እኮ ያምነኛል› ብሎ ነግሮኛል፣ ደስ እያለው። አሁን ግን ያለፈው ስሕተት እንዳይባል ብለው በቀረችው ልጅዎ አይጨክኑ።»

ሽማግሌው አለቀሱ። በቀብሩ ዕለት ሰው ፊት ያልወጣው እንባ በጋራዥ ደጃፍ፣ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ወረደ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች። መሐንዲሷም «ይበቃል» አላለቻቸውም።

ከቆይታ በኋላ ሽማግሌው ፊታቸውን ጠረጉና ተነሡ።

«በይ እስቲ አሳዪኝ። ያገኘሽውን ግን አትገጥሚም።»

መሐንዲሷ ከጠረጴዛው አንዱን አነሣች። «ይህ ርካሽ ነው፤ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ይሰካል።»

«እንዲህ ያለውንማ ሌባ በአንድ እጁ ነቅሎ ይጥለዋል። ሌላ!»

«ይህኛው ከመኪናዋ ባትሪ ጋር በሽቦ ይያያዛል።»

«ባትሪውን ሲፈቱስ? የኔን ፈተውታል እኮ።»

«ለዚህ ነው ሦስተኛው የሚሻለው። የራሱ ባትሪ በሆዱ አለ፤ ከመኪናዋ ሲቆረጥ ያን ጊዜ ‹ተነካሁ› ብሎ ወደ ስልክዎ መልእክት ይልካል። የአደጋ ቁልፍም አለው፤ ልጅዎ ከወንበሯ ሳትነሣ ትጫነዋለች።»

«ኔትወርክ በሌለበትስ?»

«እዚያ ዝም ይላል፤ አላታልልዎትም። ቢሆንም መጨረሻ የታየችበት ቦታ ይቀርልናል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ደግሞ ያለፈችበትን መንገድ በሙሉ ይልካል።»

«ሞተር ከሩቅ ያጠፋል የሚሉትስ?»

«ያጠፋል። ግን እየሄደች ሳለ ማጥፋት ሰው መጨረስ ነው። ከቆመች በኋላ ዳግም እንዳትነሣ እናደርጋታለን። ከዚያ ለፖሊስ መደወል ነው እንጂ ራስዎ ሮጠው እንዳይሄዱ።»

ጋሽ ፍሬን መሣሪያውን በመዳፋቸው ላይ ገለባበጡት። «እንግዲህ ሌባውንም ፍሬን የሚያስይዝ ከሆነ ዘመዴ ነው» አሉ። ልጅቱ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እንዲህ ሲቀልዱ ከሰማች ቆይታለች።

የሚገጠምበትንም ቦታ ራሳቸው መረጡ፤ መኪናዋን እንደ መዳፋቸው የሚያውቋት እሳቸው ናቸውና። ቦታውን አራተኛ ሰው እንዳያውቅ ተማማሉ። በመጨረሻ መሐንዲሷ ስልካቸውን ተቀብላ ስታስተካክል እንዲህ አለቻቸው።

«መኪናዋ ግቢ ስትደርስ መልእክት ይመጣልዎታል። ጽሑፉን የምንመርጠው እኛ ነን። ‹ተሽከርካሪው ደርሷል› ልበለው?»

ሽማግሌው ወደ መኪናዋ ዞረው አዩ።

«‹ገባሁ› በይው» አሉ።

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንባቢ ሆይ፣ ንብረትን መጠበቅ ስስት አይደለም። መኪና ሲሰረቅ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ እንጀራ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሰው ይጠፋል። ደህና የተመረጠ መከታተያ ሌባን አያስቀርም ይሆናል፤ ፍለጋውን ግን ያሳጥራል፣ ለፖሊስ አቅጣጫ ይሰጣል፣ ብቻውን ለሚነዳ ሰው አለኝታ ነው። የሚወዱትን ሰው «የት ነህ?» ማለትም አለማመን አይደለም። ጋሽ ፍሬን ይህን ከማንም የበለጠ ያውቁታል፤ የከፈሉበትን ያህል የከፈለ የለምና። ዛሬ የሠፈሩ ነጂዎች ምክር ሲጠይቋቸው «ቆይ እስቲ» አይሉም።

መሣሪያው በተገጠመበት ዕለት ማታ ልጅቱ ጭነት አድርሳ ስትመለስ ሽማግሌው ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ስልካቸው ጮኸች። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «ገባሁ።»

ለማን እንደሚመልሱ ሳያስቡት አፋቸው ቀደመ።

«እሰይ የኔ ልጅ፤ በሰላም ገባህ?»

ልጅቱ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ሰማች። «ገባሽ በለኝ» አላለችም፤ ጠጋ ብላ ትከሻቸውን አቀፈቻቸው።

«አዎ አባዬ፣ ገባሁ።»