የአቶ ሀብተ ሥላሴ አልጋና የቤታቸው መድን

በጥር ወር ሦስተኛ ሳምንት፣ በአዋሽ ከተማ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ አልጋቸውን ወደ ደጅ ማውጣታቸው ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጻል። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

ሙቀት ነው ሲሉ ጋቢ ተከናንበው ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ባለሱቋ ኡሙሀኒም አልጋዋን ያወጣችው በሙቀት ሲሆን፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባለች። መሬት ከተንቀጠቀጠበት ሰሞን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሞቆት፣ በየግቢው ነጫጭ አጎበር ተወጥሮ፣ ከሩቅ ለሚያየው መንደሩ ሸራውን ዘርግቶ በቀስታ ወደ ጅቡቲ የሚቀዝፍ ይመስል ነበር። መንቀጥቀጡን ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ሀብተ ሥላሴ አልጋቸው ላይ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሳሉ፣ ፋይል ያቀፈች ወጣት የሌላ ሰው ቤት ልትጠይቅ ከበራቸው ቆመች። የመልካ ወረር ጥጥ እርሻ የሥራ ባልደረባቸው የፍሬምናጦስ ልጅ ራሄል ነበረች። ሰመራ ተምራ፣ እዚያው ለአንድ የመድን ድርጅት ትሠራለች።

«ግቢ ልጄ፣ እዚሁ አልጋው ላይ አረፍ በይ። ቤት ውስጥ ይሞቃል።»

«እኔም ደጁ ይሻለኛል ጋሼ» አለች፣ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ እየቆለፈች።

በተከፈተው በር የሳሎኑ ግድግዳ ይታያል። ሦስት የቀን መቁጠሪያ፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ በሰያፍ ተሰቅሏል። ራሄል አየችውና ሰውየው ቀን የሚቆጥሩ ሰው ናቸው ብላ አለፈችው።

ሥራዋን ስትነግራቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ ፈገግ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት የጥጥ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። በዓይኔ ያላየሁትን አንድ ጆንያ ፈርሜ አላውቅም። የምትሸጪልኝን አሳዪኛ!»

«የሚታይ የለውም ጋሼ። ቃል ነው።»

«ወላሂ!» አለች ኡሙሀኒ ከአጥሩ ማዶ። «እኔ ሩብ ኪሎ ስኳር ስሸጥ ሚዛኑን ጎንበስ ብለው ያዩብኛል። ይቺ ቃል ትሸጣለች!»

«ቤቴ ባይፈርስስ?» ሲሉ ቀጠሉ። «በየዓመቱ የከፈልኩት የት ይገባል?»

«እሱ አረቦን ይባላል። የፈረሰበት ሰው ቤት ይሠራበታል። የእርስዎ ሲፈርስ ደግሞ የሌሎቹ ይመጣል። እንደ ዕድር ነው፤ አባላቱ ግን አይተዋወቁም።»

«እንግዲያው ዕድር አለኝ። ያውቀኛል፣ አውቀዋለሁ።»

«የዕድርዎ ሰው ሁሉ እዚሁ ሰፈር ነው። ይሄ... ይሄ ሙቀት ሲመጣ የሁሉም ቤት በአንድ ቀን ቢወድቅ፣ ማን ለማን ያዋጣል?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ በየግቢው የተወጠረውን አጎበር ቃኙ። የዕድሩ ሰብሳቢ አልጋ ከእሳቸው ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ነበር።

«እናንተስ? ሁላችንም በአንድ ቀን ብንመጣባችሁ?»

«ካፒታል ያስፈለገው ለዚያ ነው። ባለአክሲዮኖቹ አስቀድመው ያስቀመጡት፣ ከአረቦኑ የተለየ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት ዝቅተኛውን ወስኖ ይቆጣጠራል። በዚያ ላይ እኛም ከሌላ ትልቅ ድርጅት የጠለፋ መድን፣ የመድን መድን እንደማለት፣ እንገዛለን።»

«እናንተም ትፈራላችሁ በይኛ!»

«በጣም እንጂ! አልፈራም የሚል የመድን ድርጅት ካጋጠመዎ እንዳይፈርሙ።»

ይህ መልስ ሰውየውን ደስ አሰኛቸው። መጋዘን የጠበቀ ሰው ፍርሃትን ያከብራል።

«ሁሉንም ነገር ይሸፍናል ታዲያ?»

«አይሸፍንም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእሳት መድን ገዝቶ ከሁሉም ነገር የዳነ ይመስለዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ» — ቃሉ ሳታስበው አመለጣት፤ ኡሙሀኒ ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ሳበች — «ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት፣ በውሉ ላይ ለብቻው መጻፍ አለበት። ደግሞ የተደበቀ ጉዳት ከተገኘ ካሳው ይቀራል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ይህን ቤት ለመሥራት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሌላቸውም ያውቃሉ። ቤቱ ቢወድቅ እንደገና ሊያቆምላቸው የሚችል ነገር በዓለም ላይ ቢኖር፣ ይሄ የማይታይ ቃል ብቻ መሆኑ ገባቸው።

«ቅጹን ሙዪው» አሉ።

ራሄል ቅጹን አወጣች። «ቤቱ ከዚህ በፊት የደረሰበት ጉዳት?»

«የለም» አሉ ፈጥነው።

«ገብቼ ማየት ነበረብኝ...»

«ይሞቃል ልጄ።»

«እውነትዎን ነው፣ ይሞቃል» አለችና «ቤቱ ታይቷል፤ ጉዳት የለውም» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ያን ጊዜ መሬቷ፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጥ ሰው፣ ቀስ ብላ ዞረች። ውሾቹ ዝም አሉ። አጎበሮቹ ነፋስ በሌለበት ተወዛወዙ። ከዚያ ሁሉም ረጋ።

ሳሎን ውስጥ የቀን መቁጠሪያዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ የላይኛው፣ መካከለኛው፣ የታችኛው። ከጣሪያው እስከ ወለሉ የወረደው ስንጥቅ ወለል ብሎ ታየ። የምዕራብ ፀሐይ ከግድግዳው ማዶ በስንጥቁ ገብታ፣ ወለሉ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር አሰመረች።

ራሄል አልጋው ላይ ቆማ፣ በአጥሩ አናት የኡሙሀኒን እጅ ጨብጣ ነበር። እንዴት እንደወጣች አታውቅም። «ያ ረቢ» አለች ኡሙሀኒ በቀስታ። ስለ ሙቀት የተነፈሰ አልነበረም።

አቶ ሀብተ ሥላሴ መስመሩን አተኩረው አዩት።

«ያላየሽውን አትፈርሚ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ቅደጂውና አብረን ገብተን እንየው።»

ራሄል ቅጹን ቀደደች። «እንዳለ እንጽፈዋለን ጋሼ። መጀመሪያ ያስጠግኑታል፣ ከዚያ ውሉ ይጸናል።» አዲስ ቅጽ አውጥታ ከአልጋው ወረደች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«በሩን ብቻ ክፍት እንተወው።»

«ገርበብ እንኳ አናደርገውም» አሉ፣ ክንዷን ይዘው እየገቡ።