ደስታ መጣ

ፊደል ሳልቆጥር ጸሐፊ ያረምኩት እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሲቀላ ወረድ ብሎ ባለ የጥጥ እርሻ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ከገረሴ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ "ልጄ ደስታ ጥጥ ለቀማ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሞቶ ይሆን?" አለች። የእርሻው ጸሐፊ የሰሜን ሰው ነው። የወንዶቹን መዝገብ አገላብጦ "እማማ፣ ደስታ የሚባል የለም" አላት። በማግስቱም መጣች፤ የለም ተባለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሰው ሁሉ አልፏት ይገባል። እኔ ግን አየኋት። እቅፏ ላይ ቀይ ቀሚስ አለ። ጠጋ ብዬ በጋሞኛ "ቀሚሱ የማን ነው?" አልኳት።

"የደስታ ነዋ! ለወንድ ልጅ ቀሚስ ይዞ የሚዞር አይተሃል ወንድሜ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ለካ አማርኛችን ነው ጉዱ! እኛ ጋሞዎች በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም "መጣ" ነው የምንለው። ሮጥኩ። "ጓድ ጸሐፊ፣ የሴቶቹን መዝገብ ይዩልኝ!"

"ዘበኛው! ከመቼ ወዲህ ነው መዝገብ ያነበብከው?"

"መዝገቡን አላነበብኩም፤ ሴትዮዋን ነው ያየሁት" አልኩት።

ገለጠ። ደስታ አለች! ተጠርታ፣ ጥጡን ከጸጉሯ ሳታራግፍ ስትሮጥ እናቷ ብድግ ብላ "ደስታ መጣ! ደስታ መጣ!" እያለች ጮኸች። ጸሐፊው "መጣች" ብሎ ሊያርማት አፉን ከፈተና ተወው።

"አዎ እማማ" አላት፣ "ደስታ መጣ።"